ያለ ጊዜዋ ለተወለደችው ልጃችን ለደረሱላት የጅማ በጎ ፈቃደኞች የቀረበ ምስጋና

ባለፈው ሐምሌ፣ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሳያባራ ባደረበት አንድ ማለዳ፣ ባለቤቴ ገና በ32ኛ ሳምንቷ ሴት ልጅ ተገላገለች። ልጅቷ ስትመዘን 1,450 ግራም ነበረች። እኔ በአንድ የቡና ማበጠሪያ ድርጅት ውስጥ ለ14 ዓመታት በሂሳብ ሠራተኛነት ያገለገልሁ ሰው ነኝ፤ ክብደት የማውቀው በኩንታልና በፈረሱላ ነው፤ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ እንደሆነ አውቃለሁ እንጂ የሰው ልጅ በግራም ተቆጥሮ የሚጠበቅበት ቦታ መኖሩን እስከዚያች ቀን ድረስ አላውቅም ነበር። ይህን ጽሁፍ የምጽፈው፣ ልጃችን በማሞቂያ ክፍል በቆየችባቸው 31 ቀናት ሳናውቃቸው የደረሱልንን፣ ገንዘብ እያሰባሰቡ ለከተማችን ሆስፒታል የጎደለውን የሚሞሉ በጎ ፈቃደኞችን በአደባባይ ለማመስገን፣ እንዲሁም መስጠት እየፈለገ ለማን እንደሚሰጥ ግራ ለገባው ወገን እነርሱን ለመጠቆም ነው።

በስም አልጠራቸውም፤ እንዳልጠራቸው አደራ ብለውኛል። በፈረንጅ አራዳ አካባቢ ባለ አንድ ዕድር ሥር የሚሠሩ 11 ሰዎች ናቸው። አስተባባሪያቸው ሁላችንም እትዬ እያልን የምንጠራቸው ጡረታ የወጡ መምህርት ሲሆኑ፣ አብረዋቸው የባጃጅ ሾፌር፣ የከተማችን መርካቶ ልብስ ሰፊ፣ በመድኃኒት ቤት ዕድሜውን የጨረሰ አንድ አባት፣ እናቶችና የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች አሉ። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አንድ ደንኳን ሥር ይቀመጣል፤ ጅማ ውስጥ ይህ ወግ የሚጻፍለት ጉዳይ ስላልሆነ አልፈዋለሁ።

በሦስተኛው ሌሊት የሆነውን ግን ማለፍ አልችልም። ልጃችን እንደ ብዙዎቹ ያለ ጊዜያቸው የሚወለዱ ሕፃናት ሳንባዋ ገና አልጠናም ነበርና የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ በገባች ቀጭን ቱቦ በሚመጣ ኦክስጅን ነበር። ኦክስጅኑ የሚመጣው ከሲሊንደር ሳይሆን ኮንሰንትሬተር ከሚባል ማሽን ነው። ማሽኑ የክፍሉን አየር እየሳበ ናይትሮጅኑን ያስቀርና ኦክስጅኑን አጥርቶ ይሰጣል፤ እንደ ሲሊንደር ሞልቶ ማምጣትና ባዶውን መመለስ የለበትም፤ ድክመቱ ግን መብራት ላይ ነው። የክረምት መብራታችንን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ መጥፋቱ ብቻ ሳይሆን ሲመጣ ዘልሎ መምጣቱ ነው ዕቃ የሚያቃጥለው። በዚያች ሌሊት ሦስት ጊዜ ያህል አምፖሉ ደምቆ፣ ፈዝዞ፣ እንደገና ደመቀ። እኔ ከበሩ መስታወት ውጭ ቆሜ ማሽኑን አያለሁ። ከማሽኑ ሥር አንዲት ግራጫ ሣጥን ተቀምጣለች፤ መብራቱ በዘለለ ቁጥር ሣጥኗ ጠቅ ትልና ማሽኑ ግን ያለ አንዳች ለውጥ ማንኮራፋቱን ይቀጥላል። የልጄ የኦክስጅን መጠን በጣቷ ላይ በታሰረችው መለኪያ 92፣ 93፣ 92 ይላል። ተረኛዋ ሲስተር ወጥታ፣ «አይዞህ፣ ስታቢላይዘር፣ የመብራቱን መዝለል የሚያረጋጋ ሣጥን፣ አለው፤ ባለፈው ዓመት እኮ እነዚያ የዕድር ሰዎች ናቸው ያመጡልን» አለችኝ። ስለ እነርሱ የሰማሁት ያን ጊዜ ነው።

ኋላ ላይ ታሪኩን ከራሳቸው ሰማሁ። መጀመሪያ ሲነሱ አዲስ ማሽን ለመግዛት ነበር ሐሳባቸው። ነገር ግን ገንዘብ ከመሰብሰባቸው በፊት ወደ ክፍሉ ሄደው፣ «ምን ቸገራችሁ?» ብለው ነርሶቹንና የባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያዎች) ባለሙያውን ጠየቁ። ባለሙያው ወደ ዕቃ ቤት ወስዶ የቆሙ ማሽኖችን አሳያቸው፤ አብዛኞቹ ያልሞቱ፣ ነገር ግን ማጣሪያቸው ተደፍኖ ወይም አንዲት መለዋወጫ ጠፍታባቸው አቧራ የለበሱ ነበሩ። ስለዚህ በአንድ አዲስ ማሽን ፈንታ ማጣሪያ፣ የኦክስጅን መጠን መቆጣጠሪያ፣ ለጨቅላ የሚሆን የአፍንጫ ቱቦ፣ ለእያንዳንዱም ማሽን ስታቢላይዘር ገዙ። ለፎቶ የማይመች ዕርዳታ ነው። በሪባን የታሰረ ትልቅ ማሽን ሲረከቡ ማጨብጨብ ለሁላችንም ይቀለናል፤ ለማጣሪያ ማን ያጨበጭባል? እኔ ግን በሂሳብ ሰውነቴ እላችኋለሁ፤ በዚያ ገንዘብ ሊሠራ ከሚችለው ሁሉ ይህ ትልቁ ነበር።

እውነቱን ለመናገር በገንዘብ አሰባሳቢዎች ላይ ቂም ነበረኝ። ከዓመታት በፊት በሌላ ጉዳይ፣ በድምፅ ማጉያ እየዞሩ ገንዘብ ለሚለምኑ ሰዎች ከደመወዜ ቀንሼ ሰጥቼ፣ የት እንደደረሰ ለመጠየቅ በሄድሁ ጊዜ ቢሮው ተዘግቶ ጠብቆኛል። ስለዚህ ልጃችን ከተሻላት በኋላ እትዬ ዘንድ ሄጄ ካመሰገንኋቸው በኋላ፣ ውለታ እንደዘነጋ ሰው፣ «ሂሳባችሁን ማየት ይቻላል?» አልኋቸው። ቅር ይላቸዋል ብዬ ነበር። እርሳቸው ግን ተማሪው የቤት ሥራ ሠርቶ የመጣላቸው ያህል ደስ ብሏቸው ጥቁር ክላሰር አውጥተው ጭኔ ላይ አኖሩልኝ። ገንዘቡ የሚቀመጠው ከዕድሩ ሂሳብ ተለይቶ በተከፈተ፣ በሦስት ሰዎች ጥምር ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀስ የባንክ ደብተር ነው። ከ10 ብር ጀምሮ ለሰጠ ሁሉ ተከታታይ ቁጥር ያለው ደረሰኝ ይቆረጣል። ዕቃ ሲገዛ የሦስት ሱቅ ዋጋ ተያይዟል። ከሁሉ በላይ ያረካኝ ግን ሌላ ነው፤ ለሆስፒታሉ የተሰጠው እያንዳንዱ ዕቃ በሆስፒታሉ ንብረት ክፍል ሞዴል 19 በሚባለው የዕቃ ገቢ ማድረጊያ ቅጽ ገቢ ሆኗል፤ የሞዴሉ ቅጂም ከግዢ ደረሰኙ ጀርባ ተጣብቋል። የመንግሥት ንብረት አሠራር የሚያውቅ ሰው የዚህን ትርጉም ይረዳዋል፤ በሞዴል 19 ገቢ ያልሆነ ዕቃ ነገ ከክፍሉ ቢወጣ «የት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። አንድ ሰዓት ያህል ቁጥር በቁጥር አገላብጬ ያገኘሁት ስህተት አንድ ብቻ ነው፤ የ35 ብር የባጃጅ ወጪ ሁለት ጊዜ ተመዝግቧል። ሾፌሩ ራሱ ከአባላቱ አንዱ ስለሆነ ሳቁበት፤ በማግሥቱ ግን ብሩ ተመልሶ ገቢ ሆኖ አየሁት።

ቅሬታም ነበረኝ። ወርኃዊ ሂሳባቸውን በዕድሩ ቤት ሰሌዳ ላይ የሚለጥፉት በአማርኛ ብቻ ነበር። ከማና፣ ከሰቃ፣ ከደዶ ልጆቻቸውን ይዘው የሚመጡ እናቶች በአፋን ኦሮሞ የሚያነቡ ሆነው ሳለ፣ በእነርሱ ስም የተሰበሰበ ገንዘብ በማያነቡት ቋንቋ ብቻ መለጠፉ ተገቢ አይደለም ብዬ ነገርኋቸው። አሁን በሁለቱም ቋንቋ ይለጠፋል፤ ትርጉሙን የምትሠራው አንዷ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት።

ወደ ክፍሉ ልመለስ። ኦክስጅኑ ከተነሣላት በኋላ ልጃችን ወደ ካንጋሮ እንክብካቤ ተሸጋገረች። ይህ አሠራር በ1978 እ.ኤ.አ. በኮሎምቢያ ቦጎታ ከተማ የማሞቂያ ሣጥን ሲያጥራቸው ሐኪሞች የጀመሩት ነው ብለው አስረድተውናል፤ ሕፃኑ ዳይፐርና ኮፍያ ብቻ ለብሶ በእናት ወይም በአባት ባዶ ደረት ላይ ይታሰራል፤ የወላጅ ገላ ሙቀቱን ይጠብቅለታል፤ ጡትም ቅርብ ይሆንለታል። ለዚህ የሚሆን ሰፊና የሚሳብ የጥጥ ጨርቅ ያስፈልጋል። እኛ ይዘን የመጣነው ነጠላ እየተንሸራተተ ሲያስቸግረን፣ ሲስተሯ ከመደርደሪያው የታጠበና የታጠፈ ሰማያዊ መታሰሪያ አውጥታ ሰጠችን። ስፌቱን አየሁት፤ ጫፉ ሁለት ጊዜ ታጥፎ ተሰፍቷል፤ ሕፃኑን እንዳይቆረቁር ቋጠሮው ወደ ጎን እንዲውል ተደርጓል። የመርካቶው ልብስ ሰፊ ሥራ ነው፤ ጨርቁ በመዋጮ ተገዝቶ፣ የእጁን ዋጋ ሳይቀበል ነው የሰፋው። ባለቤቴ ስትደክም እኔ ታጥቄያት እቀመጥ ነበር። ደረቴ ላይ ያለች መሆኗን የማውቀው በክብደቷ ሳይሆን በትንፋሿ ነበር። በየማለዳው ሚዛን ላይ ስትወጣ 20 ግራም ጨመረች ሲሉን፣ በቡና ስሌት አንድ እፍኝ እንኳ የማትሞላው ያቺ ቁጥር ከማንኛውም የዓመት ትርፍ በላይ ታስደስተኝ ነበር። በ31ኛው ቀን በ1,880 ግራም ወጣን።

ልንወጣ ስንል እትዬና ሁለት ወጣቶች ዕቃ ሊያደርሱ መጥተው አገኘናቸው። እኔ በደስታ ስልኬን አውጥቼ ከልጃችን ጋር ፎቶ እንዲነሱ ብለምናቸው እምቢ አሉ። «ልጅቷ አድጋ ፈቅዳ ስትነሣ ይሁን» አሉኝ እትዬ። ከአልጋ ላይ ያለን በሽተኛ እየቀረጹ ገንዘብ መለመን በበዛበት በዚህ ጊዜ፣ እነርሱ የአንድም ሕፃን ፊት ለልመና እንዳላዋሉ ኋላ ላይ አረጋገጥሁ። ከተሰበሰቡት አስታማሚዎች አንዷ፣ ከዳውሮ የመጣች ይመስለኛል፣ የእትዬን እጅ ስማ ለቀቀችው፤ ሌላዋ «ገለቶማ፣ ገለቶማ» ትላለች፤ እርሳቸው ግን ዕቃው ገቢ እንዲሆን የንብረት ክፍሉ ሳይዘጋ ለመድረስ ይጣደፉ ነበር።

ገንዘቡን የሚሰበስቡት በወሩ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ጀምሮ በዕድሩ ደንኳን በሚዘጋጅ የቡና ፕሮግራም ነው። ቡናው ከአባላቱ ጓሮ፣ ፈንዲሻና ዳቦው ከእናቶቹ ነው። በመጨረሻ ጨረታ አለ። ለጨረታ የምትቀርበው ዘወትር ያቺው የጅማ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ናት፤ ከአንድ ግንድ ተፈልፍላ የተሠራች፣ ከመቀመጥ ብዛት መሃሏ የጠቆረ። ያሸነፈ ሰው ዋጋውን ከፍሎ በርጩማዋን ይመልሳል፤ በሚቀጥለው ወር እንደገና ትሸጣለች። ስንት ጊዜ እንደተሸጠች ክላሰሩ ላይ ተጽፏል፤ እስከ ባለፈው ወር 19 ጊዜ።

መርዳት ለምትፈልጉ ከእነርሱ የተማርሁትን ላካፍላችሁ። የአገልግሎት ጊዜው ሊያልፍ የደረሰ መድኃኒት አታምጡ፤ እንዲህ ያለው መድኃኒት የሚያተርፈው የማስወገድ ሥራ ብቻ ነው። የዱቄት ወተት በጣሳ ከመግዛታችሁ በፊት ነርሶቹን ጠይቁ፤ ያለ ጊዜው ለተወለደ ሕፃን የእናቱ ወተት እንደሚሻል አጥብቀው ይናገራሉ፤ ይልቅ የምታጠባዋ እናት የምትበላው አጥሚትና ገንፎ ያስፈልጋል። ከሩቅ ወረዳ የምትመጣ እናት ብዙ ጊዜ ስንቋ በሦስተኛው ቀን ያልቃል። ገንዘብ ከሌላችሁ ደም ለግሱ፤ የተለገሰ ደም 35 ቀን ገደማ ብቻ ስለሚቆይ በበዓል ሰሞን አንድ ጊዜ ተሰልፎ መስጠት አይበቃም፤ በየሦስት ወሩ ተመላልሶ መስጠት ነው የሚጠቅመው። ሙያ ያላችሁ ደግሞ ሙያችሁን ስጡ። አሁን በጣም የሚፈልጉት የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፤ የክፍሉ ሶኬቶች ከማሽኖቹ ቁጥር ጋር አይመጣጠኑምና ከሆስፒታሉ የጥገና ክፍል ጋር ሆኖ የሚሠራ ሰው ይሻሉ። እኔ ከጥቅምት ጀምሮ ሂሳባቸውን በየሦስት ወሩ ለመመርመር ተስማምቻለሁ፤ ክፍያዬ አንድ ሲኒ ቡና ነው።

ሌት ተቀን ለደከሙልን ሐኪሞች፣ ነርሶችና የጽዳት ሠራተኞች ምስጋናዬ የተለየ ነው፤ በአካል ተገኝቼ ስለነገርኋቸው እዚህ አላስረዝመውም። እትዬ፣ እርስዎንና አብረዎት ያሉትን ሁሉ እግዜር ይስጥልኝ፤ ዕድሜና ጤና ይስጣችሁ።

የሚቀጥለው ቡና የዚህ ወር መጀመሪያ ቅዳሜ ነው። ልጃችን አሁን ከአራት ኪሎ አልፋለች፤ እናቷ አዝላት እንመጣለን። በርጩማዋ ለ20ኛ ጊዜ ስትቀርብ መነሻውን ዋጋ የምጠራው እኔ ነኝ፤ እንድትበልጡኝ ተዘጋጅታችሁ ኑ።