ኡቡንቱ 20.04 ከኡቡንቱ ፕሮ ጋር፦ ነፃው ድጋፍ ካበቃ ከወራት በኋላ

ኡቡንቱ 20.04 ለተባለው የሊኑክስ ስርዓተ ክወና ይሰጥ የነበረው ነፃ ድጋፍ (የደህንነት ጥገና) ያበቃው ሜይ 31 ቀን 2025 ነው። (ቀኖቹን በሙሉ የምጠቅሰው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) እኔ የማስተዳድረው አንድ ሰርቨር ግን ያኔ ከ20.04 መነቃነቅ አይችልም ነበር። የተሸከመው ፒኤችፒ በሚባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ፣ በ7.4 ቨርዥኑ የተጻፈ የመዝገብ ሲስተም ነው። ወደ 22.04 ካሻገርኩት የሚጠብቀው ፒኤችፒ 8.1 ነው፤ ኮዱ ደግሞ ለዚያ አልተዘጋጀም። ስለዚህ ድጋፉን የሚያራዝመውን አገልግሎት፣ ኡቡንቱ ፕሮን፣ አስገባሁለት። ይኸው ወራት ተቆጠሩ።

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጠው። ፕሮ ቃሉን የሚጠብቅ ምርት ነው። የሚሰጣችሁ ግን ጊዜ ነው። በጊዜው ምን እንደምትሠሩበት ሳታስቡ ከገባችሁ ችግሩ ተገፋ እንጂ አልተፈታም። ሲመለስም ገዝፎ ነው የሚመጣው።

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ፦ ኡቡንቱ በየሁለት ዓመቱ ኤልቲኤስ የሚባል የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው ቨርዥን ያወጣል። አምስት ዓመቱ በነፃ ነው። ፕሮ ሌላ አምስት ይጨምርበታል፤ 20.04 እስከ 2030 ይዘልቃል ማለት ነው። ከዚያም በላይ ለሚፈልግ ለብቻው የሚከፈልበት ማራዘሚያ አለ። የኡቡንቱ ባለቤት ካኖኒካል በ2025 መጨረሻ ላይ ጠቅላላውን ዕድሜ ወደ 15 ዓመት አሳድጎታል። ለግል አገልግሎት እስከ 5 ማሽን ድረስ ፕሮ ነፃ ነው። ተቋም ግን በማሽን ይከፍላል።

ማስገባቱ ምንም አይደለም። ቶክን (የምዝገባ ቁልፍ) ትወስዳላችሁ፣ አንድ ትእዛዝ ትጽፋላችሁ፣ አለቀ። ጥገናዎቹ እንደ ድሮው በአፕት፣ በኡቡንቱ የፕሮግራም መጫኛ መሣሪያ፣ በኩል ይመጣሉ። ላይቭፓችም አብሮ አለ፤ በከርነሉ (በስርዓተ ክወናው እምብርት) ላይ የሚገኙ ከባድ የደህንነት ቀዳዳዎችን ሰርቨሩ ሳይጠፋ ይደፍናል።

እኔ በጣም የወደድኩት ብዙም የማይወራለትን ነገር ነው። ፕሮ የማሽኑን የደህንነት ሁኔታ የሚያሳይ ትእዛዝ አለው። የተጫኑትን ፓኬጆች (ፕሮግራሞች) በየምንጫቸው ይከፋፍላቸዋል፦ ይህን ያህሉ ከዋናው ማከማቻ፣ ይህን ያህሉ ከዩኒቨርስ (በማኅበረሰቡ ከሚጠበቀው ማከማቻ)፣ ይህን ያህሉ ከሦስተኛ ወገን፣ ይህን ያህሉ ደግሞ አሁን ከየትም የማይወርዱ። የመጨረሻዎቹን ሁለት መስመሮች ረጋ ብላችሁ አንብቧቸው። ፕሮ እነሱን አይሸፍንም። እኔ ሳየው ፒዲኤፍ የሚያወጣው ፕሮግራም ሦስተኛ ወገን ውስጥ ቁጭ ብሏል። ሲስተሙ ደረሰኝ የሚያወጣው በእሱ ነው። አምራቹ እስከ መቼ እንደሚደግፈው የትም አልጻፈም። እሱን የመተካት ሥራ በዚያው ቀን የእቅዱን አንደኛ ተራ ያዘ። በኮምፖዘር፣ በፒኤችፒ የኮድ ማውረጃ መሣሪያ፣ የገቡት ላይብረሪዎችም ከፕሮ ሽፋን ውጭ ናቸው፤ እነሱን ለብቻ መፈተሽ ያስፈልጋል።

ሁለተኛው ሊነገር የሚገባው የስካነር (የደህንነት ቀዳዳ ፈላጊ ፕሮግራም) ጣጣ ነው። ኡቡንቱ አንድ ኤልቲኤስ ካወጣ በኋላ አብዛኞቹን ፓኬጆች ባሉበት ቁጥር ያቆያቸዋል። የ20.04 ፒኤችፒ ዛሬም 7.4.3 ይላል፤ የፒኤችፒ ሰዎች ግን 7.4.33 ደርሰው ነው ኖቬምበር 28 ቀን 2022 ድጋፉን የዘጉት። የደህንነት ጥገናው ወደ ኋላ ተመልሶ በዚያው በ7.4.3 ላይ ይጨመራል። የሚለወጠው ከሰረዙ በኋላ ያለው የኡቡንቱ ቁጥር ብቻ ነው። የምንጠቀምበት ስካነር ደግሞ ከሰረዙ በፊት ያለውን ብቻ አይቶ በቀይ የተሞላ ሪፖርት ይልካል። ኃላፊዎች ሪፖርቱን አይተው ይደነግጣሉ። መፍትሔው የፓኬጁን የለውጥ መዝገብ በአፕት ማውጣት ነው፤ የተደፈነው ቀዳዳ በሲቪኢ ቁጥሩ (በዓለም አቀፍ የቀዳዳ መለያው) እዚያ ተጽፏል። ለኦዲት የምትዘጋጁ ከሆነ ይህን ማስረጃ ከወዲሁ አደራጁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ በተገዛው ጊዜ ወደተሠራው ሥራ። ፒኤችፒ አንድን ነገር ከማውጣቱ በፊት «ሊወገድ ነው» ብሎ ያስጠነቅቃል። «ኢች» የምትባለዋን ፈንክሽን ውሰዱ። ማስጠንቀቂያው በ2017 በ7.2 ጀመረ፣ ፈንክሽኗ የተወገደችው በ2020 በ8.0 ነው። ሦስት ዓመት ሙሉ ማለት ነው! ሲስተሙን የጻፉት ሰዎች ግን እነዚህ ማስጠንቀቂያዎች ሎግ ላይ እንዳይወጡ ዘግተዋቸው ነበር። መጀመሪያ የከፈትኩት እሱን ነው። ሎጉ ወዲያው ሞላ። ያ ሎግ የሥራ ዝርዝራችን ሆነ፤ ከዚያ የተሻለ ዝርዝር ማንም አማካሪ አያወጣላችሁም።

የሚያስፈራው ግን ሎግ ላይ የማይወጣው ነው። በ7.4 ቁጥር ዜሮን «ያልተከፈለ» ከሚል ጽሑፍ ጋር በሁለት የእኩል ምልክት ብታወዳድሩ «እኩል ናቸው» ይላል። በ8 «አይደሉም» ይላል። የኛ ሲስተም አዲስ መዝገብ ሲከፍት ሁኔታውን ዜሮ ያደርጋል፤ ያልተከፈሉትን የሚለየውም በዚሁ ማወዳደር ነው። በ8 ላይ ብናስነሳው ኖሮ አዳዲሶቹ መዝገቦች በሙሉ ካልተከፈሉት ዝርዝር ድምፃቸውን አጥፍተው ይወጡ ነበር። ስህተት የሚል መልእክት የለም፣ ሰርቨሩም አይቆምም። ይህ የተገኘው አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አስነስተን በአንድ ዓይነት መረጃ ውጤታቸውን ስናነጻጽር ነው። በጥድፊያ የሚሠራ ሰው ይህን አያገኘውም። ለእኔ የፕሮ ዋጋው እዚህ ላይ ነው።

ሶፍትዌር ለምትሠሩ ደግሞ አንድ ነገር ልበል። የኡቡንቱን ነገር የሚያስተማምነው ዓመቶቹ መብዛታቸው ብቻ አይደለም። ድጋፉ የሚያበቃበት ቀን ገና ቨርዥኑ ሲወጣ ይታወቃል። ፓይተን 2 የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ቨርዥንም ቀኑ ከ2015 ወደ 2020 ሲገፋ የተነገረው ገና በ2014 ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ቀኑ አልተነካም። ተጠቃሚ እቅድ የሚያወጣው እንዲህ ሲሆን ነው። ያ የፒዲኤፍ ፕሮግራም ሁለት ዓመት ብቻ እደግፋለሁ ቢል እንኳ እመርጥ ነበር።

የማልወደው? ፕሮ ከገባ በኋላ ሁሉም ሰው ዘና ይላል። «እስከ 2030 አለን አይደል» የሚል ወሬ ስብሰባ ላይ መስማት ጀምሬያለሁ። ስለዚህ የኛን የመውጫ ቀን ከ2030 በጣም ቀደም አድርገን በጽሑፍ አስፈርመናል። መንገዱም ሁለት እርከን ነው፤ የማሻሻያ መሣሪያው ኤልቲኤስ አያዘልልም። መጀመሪያ 22.04፣ ከዚያ ፒኤችፒ 8.3 ያለው 24.04።

የግል ማሽናችሁ አሁንም 20.04 ላይ ከሆነ ዛሬውኑ ፕሮ አስገቡበት፤ ነፃ ነው። ተቋም ከሆናችሁ ከመክፈላችሁ በፊት ያንን የደህንነት ሁኔታ ትእዛዝ ስጡ፤ ሳትመዘገቡም ይሠራል። የሦስተኛ ወገኑ ቁጥር ከበዛ ገንዘቡን መጀመሪያ ኮዱን ለሚያስተካክለው ሰው አውሉት።