አቀናባሪ ወይስ ፕሮዲውሰር?

ክላሲካል ሙዚቃ የተማረ ሰው ወደ ፖፕና ሂፕሆፕ ሲገባ ሁለት በር ያገኛል። አንዱ አቀናባሪነት ነው። ዘፈኑ አልቆ ይመጣለታል፤ እሱ የቫዮሊንና የቼሎውን ኖታ ጽፎ ያስቀዳል። ክፍያው ብዙ ጊዜ የአንድ ጊዜ ነው፤ ዘፈኑ ቢፈነዳም ያው።

ሁለተኛው በር፣ ፕሮዲውሰርነት፣ ዘፈኑን ከባዶ ይጀምራል። አራት ባር (አጭር የምት ክፍል) ብቻ ያለው ቢት፣ ማለትም የዘፈኑ መሠረት፣ ሲደጋገም ይመሻል። ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ኖታዎች) መቀያየር የለመደ እጅ እዚህ መታገስ አለበት፤ ራፐሩ ለቃላቱ ቦታ ይፈልጋላ! ከገቢው ድርሻ መደራደር ግን ይቻላል። እኔ ብሆን በአቀናባሪነት ጀምሬ ወደ ፕሮዲውሰርነት እሻገር ነበር። ለምሳሌ አሜሪካዊው ሙዚቀኛ ኩዊንሲ ጆንስ በ1957 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ሄዶ ከክላሲካል ሙዚቃ መምህርቷ ከናዲያ ቡላንዤ ተማረ። በ1960ዎቹ ለዘፋኙ ፍራንክ ሲናትራ አቀናበረ። በ1982 የወጣውን የማይክል ጃክሰን «ትሪለር» አልበም ደግሞ ፕሮዲውስ አደረገ።