የጎጃም ገበያ ብቅል፦ ፍሬውን ይግዙ፣ ዱቄቱን ይተዉ

ጠላ ጠማቂ ድሮ ብቅሏን ራሷ ነበር የምታበቅለው። ዛሬ ደብረ ማርቆስም ሆነ ፍኖተ ሰላም፣ ዳንግላም ሆነ ባሕር ዳር፣ ለድግስ የሚጠምቅ ቤት ብዙውን ጊዜ ብቅሉን ከገበያ ነው የሚያመጣው። የሚሸጠውም በሁለት መልክ ነው፤ አንዱ በገበያ ቀን በጣሳ የሚሰፈረው ፍሬው፣ ሌላው ሱቅ ውስጥ በላስቲክ ታስሮ የሚቀመጠው ዱቄት። ፍርዳችን አጭር ነው፦ ፍሬውን ይግዙ። ዱቄቱ ሁሉ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም፤ ደጉን ከክፉው መለያ ስለሌለው ነው።

አንድ እፍኝ ፍሬ መዳፍዎ ላይ ዘርግተው ይዩ። መጀመሪያ ዓይን ውስጥ የሚገባው ጭራው፣ ማለትም ሥሩ ነው፤ ብዙ ሰውም ጭራው የረዘመውን «በደንብ የበቀለ» ብሎ ይመርጣል። ጭራ ያታልላል። የብቅሉን ዕድሜ የሚናገረው በፍሬው ጀርባ፣ ከገለባው ሥር እየተሳበ የሚሄደው ቡቃያ ነው። ገለባውን በጥፍርዎ ላጥ ያድርጉት። ቡቃያው የፍሬውን ርዝመት ሦስት አራተኛ ያህል ከሄደ ልክ ነው። ግማሽ ካልደረሰ ውስጡ ገና ጥሬ ነው። ጫፉን አልፎ አረንጓዴ ሆኖ ብቅ ካለ ደግሞ ወደ ጠላው ሊገባ የሚገባውን ስኳር ቡቃያው ራሱ በልቶታል፤ ጣሳው ሙሉ ቢመስልም ክብደት የለውም።

ቀጥሎ በጥርስ። ጥሩ ብቅል ቀጭ ብሎ ይሰበርና ዱቄት ይሆናል፣ ወዲያው ምላስ ላይ ይጣፍጣል። እንደ ጠጠር ከተንገራገጨ ወይም እንደ ብርጭቆ ከተሰነጠቀ አልበቀለም። ጥርስ የማያምኑት ፍሬውን ለሁለት ሰብረው ጥቁር ሰሌዳ ወይም የከሰል ጆንያ ላይ ጫፉን ያስምሩበት፤ እንደ ጠመኔ ነጭ መስመር ከተወ በቅሏል።

ብዛት ለሚገዛ ሌላ መፈተኛ አለ። 50 ደረቅ ፍሬ ቆጥረው ብርጭቆ ውኃ ውስጥ ይጨምሩ። በደንብ የበቀለው ይንሳፈፋል፣ ጥሬው ይሰምጣል። ከ50ው ከ5 በላይ ከሰመጠ ሻጩ ጥሬ ገብስ ቀላቅሏል፣ አለዚያም ገብሱ ራሱ እኩል አልበቀለለትም። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ነቀዝ የቦረቦረው ጥሬ ገብስም ይንሳፈፋል። ስለዚህ የተንሳፈፈውን አውጥተው ቀዳዳ ይፈልጉበት።

እኩል ያለመብቀል ምክንያቱ ብዙ ነው። ነቀዝ የቦረቦረው ፍሬ ብዙ ጊዜ አይበቅልም። ከአውድማ ትኩስ የገባ ገብስም ገና እንቅልፍ ላይ ነው፤ ሁለት ወር ያህል ካላረፈ ግማሹ ይበቅላል፣ ግማሹ ያኮርፋል። የአምናና የዘንድሮ ገብስ ተደባልቆ ሲነከርም እንዲሁ ነው። ከሁሉ የሚብሰው ግን ቀይ ወይም ሐምራዊ ቀለም የተቀባ የዘር እህል ነው። እሱ የዘር መድኃኒት አለበት፣ ቢታጠብም ለብቅል አይሆንም። እፍኙ ውስጥ አንድም ባለቀለም ፍሬ ካዩ ጆንያውን እንዳለ ይተዉት።

አበቃቀሉ ላይ ትልቁ ጥፋት ያለመገልበጥ ነው። ገብስ አንድ ቀን ተኩል ያህል ይነከራል፤ በየመሃሉ ውኃው እየተደፋ አየር ማግኘት አለበት፣ አለዚያ ታፍኖ ይሸታል። ከዚያ በኮባ ቅጠል ወይም በንጹሕ ጆንያ ተሸፍኖ ሦስት አራት ቀን ይቀመጣል። እየበቀለ ያለ እህል ሙቀት ያወጣል። ለገበያ የሚያበቅሉት አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ባንድ ላይ ስለሚያፍኑ መሃሉ እጅ እስኪለበልብ ይግላል። ዳር ዳሩ ገና ሳይበቅል መሃሉ ሥሩ ተቆላልፎ እንደ ምንጣፍ ይያያዛል፣ ይሻግታልም። ገበያ ላይ እንደ ጓል የተጣበቀ ብቅል ካዩ ታሪኩ ይኸው ነው።

በእንግሊዝ አገር ዊልትሻየር በሚባለው አውራጃ፣ ዋርሚንስተር ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1855 የተሠራ ብቅል ቤት እስከ ዛሬ በዱሮው መንገድ ያበቅላል። የተነከረው ገብስ ሰፊ ወለል ላይ ከአንድ ስንዝር ባነሰ ውፍረት ይዘረጋል፣ ቀናት ሙሉ በሰው እጅ፣ በእንጨት አካፋና በመቆስቆሻ እየተገለበጠ ይከርማል። ምሥጢር የለውም፦ ሙቀቱ እንዳይከማች፣ ሥሩ እንዳይቆላለፍ፣ ሁሉም ፍሬ እኩል አየር እንዲያገኝ ነው። የብቅል ገብስ በማዳቀል ስሙ የታወቀው ኤድዊን ቢቨን የሠራውም እዚያው ብቅል ቤት ነው። በዚያው አውራጃ ዲቫይዘስ ላይ ደግሞ ዋድወርዝ የሚባለው ጠማቂ እ.ኤ.አ. በ1885 ፎቅ በፎቅ ያሠራው የጡብ ቢራ ፋብሪካ አለ፤ ብቅሉ ላይኛው ፎቅ ይወጣና በየደረጃው ቁልቁል እየወረደ ይጠመቅበት ነበር። እዚያ አብቃይና ጠማቂ ከተለያዩ ቆይተዋል፤ ጠማቂው ፈትሾ መግዛት ልማዱ ነው። እኛ ዘንድ ገና አሁን መለያየታቸው ስለሆነ ገዢው መፈተሽ አልለመደም፣ ሻጩም ያውቀዋል።

አደራረቁም ይለያያል። እነሱ በምድጃ ሙቀት አድርቀው እርጥበቱን ከ5 በመቶ በታች ያወርዱታል። የእኛ በፀሐይ ስለሆነ ያን ያህል አይደርቅም፤ በምትኩ ሙቀት ስለማይገድለው ማጣፈጥ የሚችለው ኃይሉ አይጎዳም። ጥሩ ጎን ነው። ዋጋው ግን ብዙ አለመቆየቱ ነው። በእኛ ግምት ከጥር እስከ ሚያዝያ የተሰጣ ብቅል አስተማማኝ ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም የሚመጣው ወይ ቆጥ ላይ ደርቆ ጭስ ጭስ ይላል፣ ወይ አልደረቀም። ጭሱን የሚወድ ጠጪ አለ፣ በእሱ አንከራከርም። አረንጓዴ ወይም ጥቁር ሻጋታ ግን ቢሰጣም፣ ቢታመስም አይድንም። እፍኙን ወደ አፍንጫ ጠጋ ያድርጉ፤ የትኩስ ድርቆሽ ሽታ ጥሩ ነው፣ የምድር ቤት ሽታ ካለው ይመልሱት።

ከእህሎቹ ለጠላ አንደኛው የገብስ ነው፤ ገለባው ቡቃያውን ይጠብቅለታል። ስንዴ ልብስ ስለሌለው ሲገለበጥ ይሰበራል፣ የተሰበረውም ቶሎ ይሻግታል። በቆሎ ርካሽ ነው፣ ግን ማጣፈጡ ደከም ያለ ነው። የዳጉሳ ብቅል ለአረቄ ይመረጣል፤ ፍሬው ስለሚያንስ ከላይ ያለው የውኃ ፈተና ለእሱ አይሠራም፣ ዓይንዎንና አፍንጫዎን ይመኑ።

ወደ ዱቄቱ እንመለስ። ከተፈጨ በኋላ ቡቃያው አይታይ፣ አይቆጠር፣ አይንሳፈፍ። ጥሬ ገብስ፣ የሻገተ፣ ጭራ ብቻ፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቡኒ ነው። ላስቲኩም እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፤ ጥግ ጥጉ ላይ የተጓጎለ ዱቄት ካለ ውስጡ መበላሸት ጀምሯል። ግድ ሆኖ ዱቄት ከገዙ አንድ ማንኪያ በለብ ባለ ውኃ በጥብጠው አንድ ሰዓት ያህል ይተዉትና ይቅመሱ። ካልጣፈጠ ብቅል አይደለም።

መጠኑን በተመለከተ፣ ጥሩ ብቅል ከሆነ ለ10 ኪሎ እህል ከ1 እስከ 1 ኪሎ ተኩል ይበቃል። ብቅሉ ደካማ ሲሆን ብዙዎች እጥፍ ያደርጉታል፤ ያኔ ጭራው ምሬት ይጨምራል፣ ጠላውም አይጠራም። ብዙ ጊዜ በብቅሉ የሚሳበበው ጥፋት ደግሞ የእንኩሮው (ተለውሶ የታመሰው ዱቄት) ነው። እንፋሎቱ ሳይበርድ ድፍድፉ ላይ የተገለበጠ እንኩሮ የብቅሉን ኃይል ይገድለዋል፣ ጥንስሱንም ያቃጥላል። እጅ እስኪችለው ማብረድ ነው። ጌሾው ላይ ብዙ አንልም፤ የዘጌ ከተገኘ ሌላ አይፈለግም።

ፍሬውን ገዝተው ሲገቡ አንድ ቀን ፀሐይ ያስመቱት፣ ጭራውን በእጅዎ አሽተው በሰፌድ ያንፍሱት፤ ጭራው ለከብት ጥሩ ምግብ ነው። ከመሬት ከፍ አድርገው በጆንያ ያስቀምጡት። የሚፈጨው በሚጠነሰስበት ዋዜማ ነው፣ ያውም ከረር ብሎ እንጂ እንደ እንጀራ ዱቄት ልሞ አይደለም፤ የላመ ብቅል አተላው አይለይም። ወፍጮ ቤት ሲደርሱም ከፊትዎ ያለችው ወይዘሮ ምን እንዳስፈጨች ይጠይቁ። በርበሬ ከሆነ ሁለት ሰው ያሳልፉ።