ማተርሆርን፣ ቀንና ሌሊት፦ የሂሮሺ ዮሺዳ ሕትመት ቅጂ

ይህን ሥዕል ለመግዛት ካሰባችሁ ሁለቱንም ግዙ፤ የቀኑንም የሌሊቱንም። ጃፓናዊው ሂሮሺ ዮሺዳ የስዊዘርላንዱን የማተርሆርን ተራራ እ.ኤ.አ. በ1925 የሠራው በእንጨት ሕትመት ነው። የተቀረጹት እንጨቶች አንድ ናቸው፤ የቀየረው ቀለሙን ነው። አጠገብ ለአጠገብ ስሰቅላቸው ዓይኔ ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ያው ሹል ጫፍ ነው፣ ሰዓቱ ግን ሌላ።

ዮሺዳ በምዕራባውያን አሳሳል የሠለጠነ የዘይት ቀለም ሠዓሊ ነበር። ተራራ መውጣትም ነፍሱ ነው። ሁለቱም ያስታውቃሉ። ድንጋዩ ክብደት አለው፣ ብርሃኑ በየት በኩል እንደሚመጣም ወዲያው ይታያል። አሠራሩ ግን የጃፓን ነው። ቀለሙ በውሃ ይበጠበጣል፣ እንጨቱ ላይ ይቀባል፣ ወረቀቱም ከላይ በእጅ ይታሻል። ዮሺዳ አንዱን ሥዕል 30 ጊዜ ገደማ ደራርቦ ያትም ነበር። ሰማዩን ቀረብ ብላችሁ እዩት። ከላይ የጠቆረው ሰማያዊ ወደ ታች እየሳሳ ይሄዳል፤ የት ጋ እንደቀለለ ግን መለየት አይቻልም። ይሄን በብሩሽ ሳይሆን በእንጨት ማውጣቱ እስካሁን ይደንቀኛል።

አሁን ወደ ቅጂው። መጀመሪያ የመጣልኝ የሚያብለጨልጭ ወረቀት ላይ የታተመ ነበር። የቀኑ ምንም አይልም። የሌሊቱ ግን መብራት ሲበራ መስታወት ሆነ፤ ከተራራው ሥር ያሉት የእንጨት ቤቶች ጭራሽ ጠፉ። ሻጩ ያለ ጭቅጭቅ ወፍራምና የማያብለጨልጭ ወረቀት ባለው ቀየረልኝ። ሰማያዊዎቹ ያኔ ተለያዩ፣ ቤቶቹም ወጡ።

መጠኑንም አታግዝፉት። ዋናው ሕትመት ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። አንድ ሜትር ተደርጎ የተለጠጠውን አይቼዋለሁ፤ ያ ስስ የቀለም ሽግግር ደብዝዞ ዝም ብሎ ፖስተር ይሆናል።

አንድ ነገር ግን በጣም አናዶኛል፦ ኅዳጉን ቆርጠው ጥለውታል። ዮሺዳ ሕትመቱን ራሱ መቆጣጠሩን የሚያሳየው ጂዙሪ የተባለው ማኅተም ያለው በግራው ኅዳግ ላይ ነው። በእርሳስ የፈረመውም ከሥዕሉ ውጭ፣ ከታች ነው። ስለዚህ ከማዘዛችሁ በፊት ሻጩን ስለ ኅዳጉ ጠይቁት። ፍሬም የሚሠራላችሁም ሰው ጠርዙን እንዳይሸፍነው ንገሩት።