ባሕር ዳር ላይ ዋይፋይ ለማስገባት፦ ፋይበር፣ የመዳብ መስመር ወይስ ባለ ሲም ራውተር?

ለቤት ወይም ለሱቅ ኢንተርኔት ስታስገቡ ከዋጋው በፊት ሁለት ነገር አጣሩ፦ ከግቢያችሁ አጠገብ ያለው ምሰሶ ምን መስመር ይዟል? መብራት ሲሄድስ ኢንተርኔቱ ምን ይሆናል?

ፋይበር ከደረሰላችሁ ሌላ አታማርጡ። መልእክቱ የሚሄደው በብርሃን ስለሆነ የክረምቱ እርጥበት እንደ መዳብ አያውከውም። የቤት ፋይበር ብዙውን ጊዜ ከጣቢያው እስከ ሞደማችሁ ድረስ መሃል ላይ ኤሌክትሪክ የሚፈልግ ዕቃ የለበትም፤ ሰፈሩ ሲጨልም ከእናንተ የሚጠበቀው ሞደሙን ማቆየት ነው። ለዚህ ትንሽ የራውተር ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ በባትሪ የሚያቆይ ዕቃ) ይበቃል። 8,800 ሚሊ አምፒር ሰዓት ተብሎ የተጻፈበት ዩፒኤስ ባትሪው 3.7 ቮልት ስለሆነ የሚይዘው 32 ዋት ሰዓት ግድም ነው፤ 10 ዋት የሚበላ ሞደም፣ ብክነቱ ተቀንሶ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ያቆያል። ከመግዛታችሁ በፊት የሞደሙ ቻርጀር ላይ የተጻፈውን ቮልት አንብቡ። 9 ቮልት የሚፈልግ ዕቃ ላይ 12 ቮልት መሰካት ሊያቃጥለው ይችላል።

የፋይበር ጠላት መታጠፍ ነው። ክሩ ከቡና ሲኒ አፍ ጠብቦ ከተጠቀለለ ወይም በር ከረገጠው ብርሃኑ ያመልጣል፤ ሞደሙ ላይ ‹ሎስ› የሚለው መብራት ቀይ ይሆናል። ያኔ ሞደሙን አጥፍቶ ማብራት አይፈታውም። ስለዚህ ቴክኒሻኑ ሳይሄድ የሚደርሰውን ብርሃን ለክቶ እንዲያሳያችሁ ጠይቁት፦ እስከ -25 ዲቢኤም (የብርሃን ኃይል መለኪያ) ደህና ነው፣ ከ-27 ከወረደ ግን እንዲስተካከል አድርጉ።

የመዳብ መስመር ከጣቢያው በራቀ ቁጥር ፍጥነቱ ይወርዳል፤ ዝናብ ሲገባ ደግሞ መጋጠሚያው ውሃ ይዞ ይቆራረጣል። ፋይበር እስኪደርስ ብቻ ያዙት።

ባለ ሲም ራውተር ለተከራይ፣ ለዘጌና ለሐይቁ ዳር ማረፊያዎች ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮምም ስላለ የሁለቱንም ሲም ራውተሩ በሚቀመጥበት ክፍል፣ ምሽት 2 ሰዓት ላይ፣ ሰው ሁሉ ሲጠቀም ሞክሩ። ሐይቁ ላይ ሞገዱን የሚጋርድ ነገር ስለሌለ ራውተሩ የማዶውን የሞባይል ጣቢያ ጭምር ይሰማል፤ ምልክቱ ሙሉ ሆኖ ቪዲዮ የሚቆራረጠው አንዳንዴ በዚህ ነው፣ ጣቢያዎቹ እርስ በርስ ይረባበሻሉ። መፍትሔው ራውተሩን ወደ ከተማው ወደሚያየው መስኮት ማዞር ነው። ቆርቆሮ ግድግዳ ጀርባ አታስቀምጡት፣ ሞገድ ይመልሳል። ራውተሩ ለአንድ ኩባንያ ሲም ብቻ የተቆለፈ መሆኑንም ሻጩን ጠይቁ።

ጥቅል ስትገዙ ሒሳቡን ሥሩ። በሰከንድ 1 ሜጋ ቢት ያለማቋረጥ ከተጠቀማችሁ በሰዓት 450 ሜጋ ባይት ይሄዳል፤ 2 ሜጋ ቢት የሚወስድ ቪዲዮ በቀን ሁለት ሰዓት ካያችሁ በወር 54 ጊጋ ነው። ይህን ያህል የምትጠቀሙ ከሆነ ያልተገደበ የፋይበር መስመር ጠይቁ፤ ሲሙን መስመሩ ለተቆረጠ ቀን ያዙት።