«ሙሉ ፍሪሲዮን እንቀይርልሃለን» ሲሏችሁ ቆም በሉ

ዕቃ በቫን የምታደርሱ ሁሉ ይህን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። በተለይ ሰሞኑን ፍሪሲዮን ልታስቀይሩ ያሰባችሁ። እኔ ለአንድ ሥራ የእጅ ዋጋ ሁለት ጊዜ ከፍያለሁ። በመሃሉ 9 የሥራ ቀናት ጠፍተውብኛል። እናንተ ላይ እንዲደርስ አልፈልግም።

ነገሩ የጀመረው ዳገት ላይ ነው። ነዳጅ ስሰጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ ቫኑ ግን አይፈጥንም። ቀጥሎ የመቃጠል ሽታ መጣ። ፔዳሉም ሙሉ በሙሉ ልለቀው ስል ነው የሚይዘው። ብዙዎቻችሁ ምልክቱን ታውቁታላችሁ። ሸራው፣ ማለትም ፍሪሲዮኑ ዲስክ ላይ ያለው የሚፋተግ ንጣፍ፣ እያለቀ ነው ማለት ነው።

አልገረመኝም። በቀን ከ100 በላይ በር ላይ እቆማለሁ። መቆም አለ፣ መነሳት አለ፣ ወደ ኋላ መመለስ አለ፣ ጠባብ ቦታ ላይ መጠጋት አለ። አንድ ቀን ቆጥሬ ነበር፤ እስከ እኩለ ቀን ብቻ ፍሪሲዮን ከ500 ጊዜ በላይ ረግጫለሁ። ረጅም መንገድ ላይ የሚውል ሾፌር ፍሪሲዮኑ ከ100 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ሊያገለግለው ይችላል። እንደ እኛ በየደጃፉ ለሚቆም ሰው ግን ያ ሁሉ ርቀት ሳይሞላ ያልቃል። ይህ የማንም ጥፋት አይደለም። ሥራው ራሱ ነው።

ጥፋቱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሦስት ጋራዥ ጠየቅሁ። ሁለቱ «ካምቢዮውን (የማርሹን ሳጥን) አውርደን ሳናይ ቁርጥ ዋጋ አንነግርህም፣ ሁለት ሦስት ቀንም ይፈጃል» አሉኝ። ሦስተኛው በስልክ ብቻ ዋጋ ነገረኝ። ከሌሎቹ ግማሽ ገደማ ነበር። «ሙሉ ፍሪሲዮን ነው የምንቀይርልህ፣ ነገ ማታ ትወስዳለህ» አለኝ። ነገ ማታ የሚለው ቃል ነው የያዘኝ። ቫን ከሌለኝ ገቢ የለም። ሁለት ቀን ከቀረሁ ደግሞ አስተባባሪው መስመሬን ለሌላ ሾፌር ይሰጠዋል። ይህን ፍርሃት እናንተ ስለምታውቁት ማስረዳት አያስፈልገኝም። የዚያ ጋራዥ ሰዎችም ያውቁታል። ስልክ እንዳነሱ የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «የሥራ መኪና ናት?» የሚል ነበር።

በማግስቱ ማታ ቫኑን ወሰድኩ። ፔዳሉ ለስላሳ ነው፣ ዳገቱንም ይወጣል። ደስ ብሎኝ ከፈልኩ። ደረሰኙ ላይ የተጻፈው «ፍሪሲዮን ጥገና» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው። የወለቀውን ዕቃ ስጠይቅ «ጥለነዋል» አሉኝ። ያኔ ነበር መንቃት የነበረብኝ።

በ11ኛው ቀን ፔዳሉን ስረግጥ የሚያፏጭ ድምፅ ጀመረ። በ13ኛው ቀን ማርሽ አልገባ አለ። ጭነት ክፍሉ ውስጥ 47 እሽግ ነበር፤ ከእነዚያ ውስጥ ሰዎች የሚጠብቁት መድኃኒት ነበረበት። እሱን ሳስብ አሁንም ያመኛል። ሌላ ሾፌር መጥቶ ዕቃውን ወሰደ፤ እኔ ቫኑን አስጎትቼ ሌላ ጋራዥ ገባሁ።

ሁለተኛው መካኒክ ካምቢዮውን ሲያወርድ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ያየሁትን ልንገራችሁ። ዲስኩ አዲስ አልነበረም። አሮጌው ዲስክ ላይ አዲስ ሸራ ተመትቶበት ነው፤ ሪቬቶቹ ያብረቀርቃሉ፣ ብረቱ ግን ዝጓል። ሸራውን የሚጫነው ፕሌት ያው የድሮው ነው፤ በሙቀት ብዛት የመጣ ሰማያዊ ነጠብጣብ ሞልቶበታል። ፔዳሉ ሲረገጥ ፕሌቱን የሚገፋው ኩሽኔታ ግሪሱ አልቆ ደርቋል። ያፏጭ የነበረው እሱ ነው። ከሞተሩ ጀርባ ያለው ኦይል ሲል (የሞተር ዘይት እንዳይወጣ የሚዘጋው ቀለበት) ዘይት ያፈሳል፤ ዘይቱ ሸራው ላይ መድረስ ጀምሯል። ዘይት የነካው ሸራ ደግሞ ምንም አዲስ ቢሆን ይንሸራተታል።

ሸራ ማስመታት በራሱ ወንጀል አይደለም። ባለቤቱ አውቆ፣ ዋጋው በዚያው ልክ ሆኖ፣ ተስማምቶ ካስመታ ምርጫው ነው። እኔ ግን «ሙሉ» ተብዬ ነው የከፈልኩት።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር። በፍሪሲዮን ሥራ ውድ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ዕቃው ሳይሆን የእጅ ዋጋው ነው። ሸራው ጋ ለመድረስ ካምቢዮው መውረድ አለበት። ያ ደግሞ የሰዓታት ሥራ ነው። ስለዚህ ካምቢዮው አንዴ ከወረደ ሸራው፣ ፕሌቱና ኩሽኔታው አብረው ይቀየራሉ፤ ኦይል ሲሉም ይታያል። ከሦስቱ አንዱን አሮጌ መተው ማለት ያ አሮጌ ዕቃ ሲበላሽ ካምቢዮውን እንደገና ማስወረድ ነው። የእኔ ኩሽኔታ ለብቻው ርካሽ ዕቃ ነው። እሱን ለመቀየር ግን ሙሉ የእጅ ዋጋ ደግሜ ከፈልኩ።

የአሁኖቹ የናፍጣ ቫኖች ብዙዎቹ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አላቸው። ቮላኗቸው፣ ማለትም ከሞተሩ ጋር የሚዞረውና ፍሪሲዮኑ የሚታሰርበት ከባድ ብረት፣ ባለ ሁለት ክፍል ነው። በሁለቱ ብረቶች መሃል ያሉ ስፕሪንጎች የሞተሩን ንዝረት ይውጣሉ። እንዲህ ያለ ቮላኖ በመኪኖች ላይ መገጠም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አጋማሽ ነው። ሲያረጅ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ ያንቀጫቅጫል፣ ሞተር ሲጠፋም ጓ ያደርጋል። ዋጋው ከፍሪሲዮኑ ሊበልጥ ይችላል። ለዚህም ነው የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጋራዦች «ሳናይ አንነግርህም» ያሉኝ። ያኔ ዋጋ ሊጨምሩብኝ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ነበር የነገሩኝ። ቮላኖው መቀየር ያለበት መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው በእጅ ተይዞ ያለው ልቅነት ተለክቶ አምራቹ ካስቀመጠው መጠን ጋር ሲነጻጸር ነው። በስልክ የሚታወቅ ነገር አይደለም። አንዳንዶች ወጪ ለመቀነስ በእሱ ፋንታ ባለ አንድ ወጥ ቮላኖ ይገጥማሉ። ይሠራል፤ ግን ንዝረቱ ወደ ካምቢዮው ያልፋል። ቢያንስ ሳይጠይቋችሁ እንዳይገጥሙት።

አሁን ቫኔን ለማንም ከማስረከቤ በፊት የማደርገውን ልንገራችሁ። የሚቀየረው ዕቃ በስምና በዕቃ ቁጥር ተዘርዝሮ ካልተጻፈልኝ ቁልፍ አልሰጥም። «ሙሉ» የሚል ቃል አልቀበልም፤ ሸራ፣ ፕሌት፣ ኩሽኔታ ተብሎ ለየብቻ ይጻፍ። የእጅ ዋጋና የዕቃ ዋጋም ይለያይ። ከተጻፈው ውጭ ተጨማሪ ሥራ ከመጣ ሳይደውሉልኝ እንዳይጀምሩ ወረቀቱ ላይ አስጽፋለሁ። የወለቀውን ዕቃ በሙሉ እንደምወስድ አስቀድሜ እናገራለሁ። ይህን ስትናገሩ የሰውዬውን ፊት እዩ። ቅን መካኒክ «እሺ፣ በካርቶን አደርግልሃለሁ» ይላል። የሚያኮርፍ ካለ ሌላ ጋራዥ ፈልጉ። ኪሎ ሜትሩንም ፎቶ አንስቼ ነው የምወጣው።

ቫናችሁ በፊት ጎማ የሚነዳ ከሆነ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ካምቢዮው ሲወርድ ብዙ ጊዜ አክስሎቹ (ጎማዎቹን የሚያዞሩት ዘንጎች) ስለሚወጡ ዘይቱ ይፈሳል። ስለዚህ ደረሰኙ ላይ የካምቢዮ ዘይት መኖር አለበት። በእኔ ደረሰኝ ላይ አልነበረም። ምን ዘይት እንደሞሉበት እስካሁን አላውቅም።

የተገላቢጦሹም አለ፤ ሳያስፈልግ ሙሉ ፍሪሲዮን ማስቀየር። ፔዳሉ ወለል ላይ ተጣብቆ ከቀረ ወይም እንደ ስፖንጅ ከለሰለሰ ችግሩ ሸራው ላይሆን ይችላል። በአብዛኞቹ ቫኖች ፍሪሲዮኑ በፈሳሽ ግፊት ነው የሚሠራው። ፈሳሹ ከጎደለ ወይም አየር ከገባበት ማርሽ አይገባም። አንዳንዴ የሚያፈሰውን ክፍል ቀይሮ አየሩን ማስወጣት ብቻ ይበቃል፤ ካምቢዮው መውረድ ላያስፈልገው ይችላል። ለእንዲህ ያለ ነገር ሙሉ ፍሪሲዮን ከፍሎ የወጣ የሥራ ባልደረባ አለኝ። ስለዚህ በመጀመሪያ የፈሳሹ መጠን ይታይ፣ ከፔዳሉ ጀርባም እርጥበት ካለ ይፈተሽ።

መጀመሪያ የጠገነልኝ ጋራዥ ምን አለ ትሉ ይሆናል። ስደውል «የአነዳድህ ችግር ነው» አሉኝ። ደግነቱ ሁለተኛው መካኒክ ልምድ ያለው ሰው ነበር። «ምንም ነገር ሳልነካ ፎቶ አንሳ፣ መጥተው እንዲያዩም ንገራቸው» ብሎ ሥራውን አቆመልኝ። እናንተም እንዲህ አድርጉ። አንዴ ከተጠገነ በኋላ የሚቀረው የእናንተ ቃል በእነሱ ቃል ላይ ብቻ ነው። ሊያዩ አልመጡም። ፎቶዎቹንና ሁለተኛው ጋራዥ ያየውን ጽፎ የፈረመበትን ወረቀት ስልክላቸው ግን ድምፃቸው ተለወጠ። የዕቃውን ገንዘብ መለሱልኝ። የእጅ ዋጋውን አልመለሱም። የቀረሁባቸውን ቀናትማ ማንም አይመልሳቸውም።

ቫኑ የኪራይ ወይም የድርጅት ከሆነ ጥገናውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ፣ ጋራዡንም የሚመርጠው ማን እንደሆነ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት በጽሑፍ ይኑራችሁ። ባለቤቱ በርካሽ ያሠራውን ፍሪሲዮን «አንተ ነህ ያቃጠልከው» ብሎ ከሾፌሩ ደመወዝ የሚቆርጥበት አጋጣሚ አለ።

አዲሱን ፍሪሲዮን ከገጠማችሁ በኋላ ደግሞ የተወሰኑ ቀናት ለዘብ ብላችሁ ንዱ። እየነዳችሁ እግራችሁን ፔዳሉ ላይ አታሳርፉ። ዳገት ላይ ቫኑን በፍሪሲዮን አታስቁሙ፣ የእጅ ፍሬን አለ። ደንበኛ በር እስኪከፍት ስትጠብቁ ማርሹን ዜሮ አድርጉና ፔዳሉን ልቀቁት።

የእኔ ቫን አሁን ደህና ነው። ያ የደረቀ ኩሽኔታ ከወንበሬ ጀርባ በካርቶን ተቀምጧል። ትናንት አንድ አዲስ ሾፌር «በስልክ ጥሩ ዋጋ ነገሩኝ» ሲል ሰማሁት። ካርቶኑን አውጥቼ ኩሽኔታውን በጣቱ እንዲያዞረው ሰጠሁት። ድምፁን ሰማ። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ የዕቃዎቹን ዝርዝር በጽሑፍ እንዲልኩለት ጠየቃቸው። እስከ ማታ መልስ አልመጣለትም። ዛሬ ጠዋት ሌላ ጋራዥ ሄዷል።