የሳስካችዋን «ተፈላጊ ሙያ ዝርዝር» ብለው ገንዘባችሁን እንዳይበሉባችሁ

ይህን የምጽፈው ታናሽ ወንድሜ ላይ የደረሰው ሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው።

ወንድሜ ኤሌክትሪሽያን ነው። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሕንፃ ላይ መስመር ሲዘረጋ የኖረ፣ ሥራው የተመሰከረለት ልጅ። ባለፈው ዓመት ቦሌ አካባቢ ያለ አንድ የጉዞ ጉዳይ ቢሮ «ካናዳ ውስጥ ሳስካችዋን የሚባል ክፍለ ሀገር የአንተን ሙያ አጥብቆ ይፈልጋል» አለው። ከመሳቢያ ላሚኔት የተደረገ ወረቀት አወጡ። ከላይ የካናዳ ባንዲራ፣ ከሥሩ የሙያ ዝርዝር። «ኤሌክትሪሽያን፣ 7241» የሚለው በቢጫ ተቀልሟል። «ሙያህ እዚህ ውስጥ ካለ አለቀ፤ ስምንት ወር ብቻ ታገስ» አሉት።

140 ሺህ ብር ቅድሚያ ከፈልን። 60 ሺው ከእኔ ዕቁብ የወጣ ነው። ደረሰኙ ላይ የሰፈረው «የማማከር አገልግሎት» የሚል ብቻ ነው።

ስምንት ወሩ አለፈ። በደወልን ቁጥር «ፕሮሰስ ላይ ነው» ይሉናል። በመጨረሻ ወረቀቱን ፎቶ አንስተን የሳስካችዋን ዋና ከተማ ሬጂና ለምትኖር የአክስታችን ልጅ ላክንላት። ወዲያው ደወለች። መጀመሪያ ዓይኗ ያረፈው ቁጥሩ ላይ ነበር። ካናዳ የሙያ መለያ ቁጥሮቿን በፈረንጆቹ 2022 መጨረሻ ከአራት አሃዝ ወደ አምስት ቀይራለች። ኤሌክትሪሽያን አሁን 72200 ነው። 7241 የድሮው ነው።

የባሰው ከዚያ በኋላ መጣ። ሳስካችዋን የተፈላጊ ሙያዎችን ዝርዝር ከ2019 ጀምሮ ትቶታል። አሁን የሚያወጣው የማይቀበላቸውን ሙያዎች ዝርዝር ነው። እሱም ቢሆን በመንግሥቱ ድረ ገጽ ላይ ማንም በነፃ ያየዋል። እኛ ከዓመታት በፊት በተሻረ ወረቀት ነው ጥሪታችንን ያወጣነው።

ሙያችሁ አልተከለከለም ማለት ደግሞ ትሄዳላችሁ ማለት አይደለም። መጀመሪያ የሚሞላው የፍላጎት መግለጫ ነው። ማመልከቻ አይደለም፤ አይከፈልበትም። በትምህርት፣ በሥራ ልምድ፣ በቋንቋ፣ በዕድሜ፣ እዚያ ባለ የቅርብ ዘመድና በመሳሰሉት ነጥብ ይሰጣል። ከ110 ቢያንስ 60 ማምጣት ግድ ነው። 60 ያመጣ ሁሉ ግን አይጠራም። ከእሱ የበለጠ ነጥብ ካላቸው ጋር ይወዳደራል። ቦታውም ጠቧል። በ2025 መጀመሪያ የፌዴራሉ መንግሥት የሳስካችዋንን ኮታ፣ ማለትም ክፍለ ሀገሩ በዓመት ለቋሚ ነዋሪነት የሚያጫቸውን ሰዎች ብዛት፣ በግማሽ ቆርጦ 3,625 አደረገው። በኋላ ጥቂት ቢጨመርም፣ ያኔ ከእጩዎቹ 75 በመቶው ቀድሞውኑ ካናዳ ውስጥ ያሉ እንዲሆኑ ተጠይቆ ነበር። አዲስ አበባ ለተቀመጠ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስቡት። ኤሌክትሪሽያን ደግሞ እዚያ ያለ ፈቃድ የማይሠራበት ሙያ ነው። ስለ ፈቃዱ አንዲት ቃል የነገረን የለም።

እኔን እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ግን ሌላ ነው። የፍላጎት መግለጫውን ፎርም የቢሮው ሰዎች የሞሉት በራሳቸው ኢሜይል ነበር። ወንድሜ የይለፍ ቃሉን አያውቀውም። ቢሮው ድረስ ሄደን፣ ተሟግተን አስከፈትነው። የእንግሊዝኛ ፈተና ውጤት የሚለው ቦታ ተሞልቷል። አራቱም፣ የማዳመጡ፣ የማንበቡ፣ የመጻፉ፣ የመናገሩ፣ ነጥብ ነጥብ ተቀምጦላቸዋል። ወንድሜ አይልትስ ተፈትኖ አያውቅም! በካናዳ የስደተኞች ሕግ ሐሰተኛ መረጃ ያቀረበ ሰው 5 ዓመት ሊታገድ ይችላል። የሚታገደው ቢሮው አይደለም፤ ስሙ ፎርሙ ላይ ያለው ልጅ ነው። የቢሮው ሠራተኛ ልጅ «ሁሉም እንዲህ ነው የሚሞላው» ብላ ኮምፒውተሩን ወደ ራሷ አዞረችው።

«ሥራም እናገኝልሃለን፣ 4,000 ዶላር ጨምር» ብለውም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን እሱን አልከፈልንም። በሳስካችዋን ሕግ ሥራ አስቀጥራለሁ ብሎ ከሠራተኛው ገንዘብ መቀበል ክልክል ነው።

አማካሪ የምትፈልጉ ከሆነ ቁጥሩን ጠይቁት። ገንዘብ ተቀብሎ የካናዳ ጉዳይ የሚያስፈጽምላችሁ ሰው፣ አዲስ አበባ ቢቀመጥም፣ እዚያ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ወይም በካናዳ የኢሚግሬሽን አማካሪዎች ኮሌጅ የተመዘገበ መሆን አለበት። የኮሌጁ መዝገብ ለሕዝብ ክፍት ነው። አማካሪ ነኝ የሚላችሁን ሰው ስሙን ስትጽፉ ይመጣል፤ ካልመጣ ተነሥታችሁ ውጡ። እኛ ይህን ያደረግነው ከከፈልን በኋላ ነው። የአንዳቸውም ስም አልነበረም።

ቀድማችሁ የከፈላችሁ ካላችሁ ገንዘቡን ከመጠየቃችሁ በፊት የይለፍ ቃሉን ተቀበሉ። ገብታችሁ በስማችሁ የተሞላውን እያንዳንዱን መስመር አንብቡ። ያልተፈተናችሁት ፈተና፣ ያልሠራችሁበት መሥሪያ ቤት ካለ የገጹን ፎቶ አንሱና ፎርሙ በጽሑፍ እንዲሰረዝ ጠይቁ። የወንድሜን በሦስተኛው ቀን አስሰርዘነዋል። ብሩን ገና አልመለሱልንም።